የእትየ ፕሪንተር ግለ ሂስ

በ2006 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከቢቸና በስተምሥራቅ ባሉ ሦስት ቀበሌዎች በረዶ ወረደ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጤፉ ዘርዝሮ ነበር፤ ተኛ፤ አልተነሣም። ባቄላው ከነአበባው ረገፈ። ጥቅምት ላይ ሰው ሁሉ በጉን በአንድ ቀን ለገበያ ስላወጣ የሚገዛ ጠፋ። ወንዶቹ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ መተማ ወረዱ። ከወረዱት ሁለቱ በወባ ሞቱና እዚያው ተቀበሩ። ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ዘጋ፤ የሚቀመጥበት ልጅ አልነበረም። ጥር ላይ ሠርግ አልተደገሰም። እርዳታ አልመጣም።

እርዳታው የቀረው መንገድ ተበላሽቶ አይደለም። ገና ሲጀመር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው የቀረው።

ክፍሉ በቢቸና ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ አሮጌ ፕሪንተርና አንዲት የአይሲቲ ባለሙያ ነበሩበት። ባለሙያዋ ስርጉት ፋንታ ትባላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በመስከረም ተቀጥራ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋን ገና እየቆጠረች ነበር። አባቷ ሞተዋል። እናቷና ሁለት ታናናሾቿ የሚያዩት የእሷን እጅ ነው።

ጥቅምት ላይ አለቃዋ አቶ እንዳለው በሩን በግማሽ ከፍቶ ብቅ አለ።

«የአምናውን የሰብል ሪፖርት አውጪና ቀኑን ቀይሪው። ዞን ነገ ይፈልገዋል።»

«የዘንድሮው መረጃ አልደረሰም እንዴ?»

«ሲደርስ እናስተካክለዋለን።»

ሥራው በየዓመቱ የሚሠራው እንደዚያው ነበር። ስርጉት ግን የቀደሙት ሰዎች የማያውቁትን ታውቃለች። ገጽ በገጽ እየፈለገች አልቀየረችም። 2005 የሚለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ 2006 አደረገችው። አራት ሰከንድ አልፈጀም። እንዳለው አፉን ያዘ።

«እናንተ ልጆች!» ብሎ ወጣ።

ሲታተም ነው ያየችው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ አምና የተገኘው የጓያ ምርት 2005 ኩንታል ነበር። ትእዛዙ ዓመትና ኩንታል አይለይም፤ ዘንድሮ 2006 ኩንታል ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን ይዛ እየሳቀች ወደ መዝገብ ቤት ሮጠች።

መዝገብ ቤቱን የያዙት አቶ ይስማው ደምለው ናቸው። የሞጣ ሰው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገሉ። ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም፤ ለዚህ ነው አዲስ ሰው ቀልዳቸውን በሁለተኛው ቀን የሚስቀው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ።

«አንድ ኩንታል ጨምሯል» አሉ። «ሳይታረስ።»

ስርጉት በሳቅ እንባዋ መጣ። እሳቸው ግን ገጹን ገልጠው ወደ አሥራ አራተኛው አለፉ። «በመኸሩ ላይ የደረሰ የተፈጥሮ ጉዳት የለም» ይላል።

«ይሄስ?»

«የአምናው ነው፣ ጋሼ። ሲደርስ ይስተካከላል ብሏል።»

«በረዶውማ ወርዷል እኮ፣ ልጄ። እንግዲህ ሲወርድ ደብዳቤ ይዞ ስላልመጣ እኛ መዝገብ ቤት አልገባም።»

ይህንንም ሳቀችው። ሪፖርቱ ወደ ዞን ሄደ። የሚያስተካክለው አልተገኘም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ሀብትነሽ የምትባል ሴት ከበረዶው ቀበሌ በእግሯ መጣች። ባሏ መተማ ቀርቷል። እንዳለው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ አስቀመጣት፤ ሪፖርቱንም ከመደርደሪያ አስወርዶ አሳያት።

«ይኸው። በሪፖርቱ ጉዳት የለም። እኔ ያለ ሪፖርት ምን ላድርግ?»

ሀብትነሽ ወረቀቱን አየችው። ማንበብ አትችልም። ውፍረቱን በጣቶቿ ለካችው።

«ስንት ገጽ ነው?»

«መቶ አርባ።»

«እንግዲያው እሱን ስጡኝና ለልጆቼ ልቀቅለው። ለሳምንት ይሆናል።»

ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ጥቅምት ላይ የሳቀችው ሳቅ ትዝ አላት። ቀኑን የቀየረችው እጅ የራሷ ነው። የዚያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ በስልኳ ፌስቡክ ላይ አንድ ገጽ ከፈተች። ስሙን «እትየ ፕሪንተር» አለችው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«እትየ ፕሪንተር ነኝ። በዚህ ቤት ሰባት ዓመት አገልግያለሁ፤ እድገት አላገኘሁም። ዛሬ ግን ስለ ጓያ ልንገራችሁ። አምና 2005 ኩንታል ነበር። ዘንድሮ 2006 ሆነ። ይህን ያመረተ ገበሬ የለም፤ እኔ ነኝ ያመረትሁት። ለከርሞ 2007 ኩንታል አቅጃለሁ።»

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አሥራ ሁለት ሰው አየው። የአንዳንዱ ሰው ስልክ አማርኛ ስለማይችል ጽሑፉን አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ያሳይ ነበር። የቻለው ላልቻለው አነበበ። በሳምንቱ ቢቸና ውስጥ ሻይ ቤት ገብቶ «ጓያ ስንት ደረሰ?» ያላለ ጠፋ። ከዚያ ሞጣ ደረሰ። ስርጉት ደግማ ጻፈች፦

«በረዶ ወረደ ይላሉ። እኔ ዘንድ አልወረደም። ገጽ አሥራ አራትን እዩ። በረዶው ሲወርድ ደብዳቤ ይዞ አልመጣም፤ ስለዚህ መዝገብ ቤት አላስገባነውም።»

በማግሥቱ አቶ ይስማው አንድ ፋይል ይዘው ክፍሏ ገቡ። በሩን ዘጉት።

«የእኔን ቃል ወስደሽ በማሽን አፍ ታወጪዋለሽ?»

ስርጉት ደነገጠች። «ጋሼ፣ እኔ...»

«ተይው። ጥሩ አድርገሽ ነው ያወጣሽው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ስናገር ከኮሪደር አልፎ አያውቅም።» ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ብቻ ተጠንቀቂ። ሰውዬው ቀልድ አይገባውም፤ እንደተቀለደበት ግን ይገባዋል።»

እንደተባለው ሆነ። አቶ እንዳለው ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ከኮምፒውተር የሚያውቀው ማጥፊያውን ብቻ ነበር። ገጹ «እትየ ፕሪንተር» ስለሚባል ምርመራውን ከፕሪንተሩ ጀመረ። ነገሩ የሚወጣው ከእሱ ነው ተባለ። ወረቀቱ ተቆጠረ፤ ገመዱ ተነቀለ፤ ማሽኑ በአራት ሰው ፊት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ታሸገ። በማግሥቱ ገጹ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦

«ትናንት ታሰርሁ። ከስምንት አሮጌ ወንበርና ከሁለት ቀዳዳ ባልዲ ጋር ነኝ። ባልዲዎቹ በምን እንደታሰሩ እስካሁን አልተነገራቸውም። እኔ ቃል ስጪ ተብያለሁ። ልሰጥ አልቻልሁም፤ ቀለም የለኝም።»

ቢቸና በሳቅ ፈነዳ። እንዳለው ወደ ገበያ ሲወጣ ሰው እየጠራ «ባልዲዎቹ ተፈቱ ወይ?» ይለው ጀመር። ፕሪንተሩ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከመሥሪያ ቤቱ አንድም ሪፖርት አልወጣም። ቅሬታ ያቀረበ አልነበረም።

በየካቲት ግምገማ ተጠራ። ግምገማ ማለት ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሽ ተቀምጦ እየተነሣ ራሱን የሚከስበት፣ ካልከሰሰም የሚከሰስበት ነው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ስርጉት ነበረች፤ በፍጥነት የምትጽፈው እሷ ናት። እንዳለው ስልኩን አውጥቶ የበረዶውን ጽሑፍ ለሰው ሁሉ አነበበ።

«መዝገብ ቤት አላስገባነውም» ብሎ ደገመው። «በዚህ ቤት እንዲህ የሚናገር ሰው ማነው? ሁላችንም እናውቀዋለን።»

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ይስማው ዞረ። አነጋገሩ የእሳቸው ነው። ስርጉት መጻፏን ስታቆም አቶ ይስማው አዩዋት። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

«አቶ ይስማው፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ።

«በምን ጻፉት?»

አቶ ይስማው ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ። ቁልፎቹ የተላጡ፣ ጭንቅላቱ ላይ ባትሪ ያለው ስልክ ነው።

«በዚህ።»

«ይሄ ኢንተርኔት አለው?»

«ኢንተርኔት የለውም። ባትሪ ግን አለው፤ እያበራሁ ነው የጻፍሁት።»

አዳራሹ ሳቀ። እንዳለው ብቻ አልሳቀም። እውነቱ ቢጠፋውም የሚቀጣው ሰው አግኝቷል። «ሐሰተኛ ወሬ በመንዛት የመሥሪያ ቤቱን ስም ያጠፉ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ከደረጃቸው ዝቅ ብለው ቆላ ወዳለ ቀበሌ እንዲዛወሩ ተወሰነ። አቶ ይስማው እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ቃል ይታረምልኝ። ቀልደኛ በሉኝ፤ እቀበላለሁ። ተሳዳቢም ብትሉኝ እታገሣለሁ። ሐሰተኛ የሚለውን ግን ሰርዙት። በረዶው ወርዷል።»

«አይሰረዝም» አለ እንዳለው። «ስርጉት፣ ጻፊ።»

ስርጉት ጻፈች። ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ገለበጠችው። ሐ፣ ሰ፣ ተ፣ ኛ። አራቱንም ፊደል በገዛ ጣቶቿ መታች። ፕሪንተሩ ከእስር ወጥቶ መጀመሪያ ያተመው ይህንን ነበር።

አቶ ይስማው ወደ ቆላው አልወረዱም። መልቀቂያ አስገብተው አገራቸው ሞጣ ገቡ። ወረቀቱ ግን ተከተላቸው፤ ሲለቁ እንዳለው በቃለ ጉባኤው ግርጌ ግልባጭ ለሞጣ የሚል መስመር አስጨምሮበት ነበር። በዓመቱ የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ሊያደርጋቸው ሲመክር አንድ ሰው ይህንን ወረቀት አነሣ። ሐሰተኛ ተብሎ በማኅተም የተጻፈበት ሰው የሰው ቃል መስማት አይችልም ተባለ። ለሽምግልና የሚጠራቸው ሰውም ቀረ።

ስርጉት ይህን የሰማችው በ2007 ፋሲካ፣ ሁለት ኪሎ ስኳርና ቡና ቋጥራ ልትጠይቃቸው ሞጣ በሄደች ጊዜ ነው። የነገሯት ባለቤታቸው እትየ ይርጋነሽ ናቸው። አቶ ይስማው ከገበያው ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ስኳሩን አይተው ወደ እሷ መለሱት።

«ይህን ለእናትሽ ውሰጂላት። ከአንቺ የምፈልገው ስኳር አይደለም።»

«ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ይንገሩኝ።»

«ታውቂዋለሽ። ስሜን ተውሰሻል። በፈቃዴ ነው የሰጠሁሽ፤ አልጸጸትም። ግን መመለስ አለበት።»

«ብናገር ያባርሩኛል።»

«ያባርሩሻል።» አላባበሏትም። «አልቸኩልም። አልረሳም ግን። እስከዚያው ሳቁን እንዳታቋርጪ። ብታቋርጪ በከንቱ ነው የወጣሁት።»

አላቋረጠችም። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ቋሚ ሆነች። መሥሪያ ቤቱ ሲስተም ሲዘረጋ የዘረጋችው እሷ ናት፤ ከየቀበሌው መረጃ በስልክ ተቀብላ በዕለቱ የምታስገባበትን መንገድ ሠራች፤ የአምናን ሪፖርት መገልበጥ ቀረ። እትየ ፕሪንተር ደግሞ አሥራ አንድ ሺህ ተከታይ አፈራች። ማዳበሪያ ሲዘገይ ተናገረች። አልጋ የሌለው ጤና ጣቢያ «ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ» ሲባል «እኔም ሙሉ በሙሉ ቀለም አለኝ» ብላ ባዶ ገጽ ለጠፈች። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያጋራው ነበር። ይህን ሁሉ ስትጽፍ ፊቷን የሚያውቅ አልነበረም። በሰዎች መካከል ተቀምጣ ስለ እትየ ፕሪንተር ሲወራ ትሰማለች፤ ትስቃለች። ከሳቁ በኋላ ደግሞ አራቱ ፊደላት ይመጡባታል። በማሽን ስም የሚደፍር ብዙ ነው፤ የእሷም ድፍረት እስካሁን ከዚያ አላለፈም። ይህንን ራሷ ታውቀዋለች።

በ2008 ክረምት አገሩ ታመሰ። የስልክ ኢንተርኔት ጠፋ። በ2009 ጥቅምትና ኅዳርም አልተመለሰም። እትየ ፕሪንተር ዝም አለች። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ምን እንደደረሰባት አያውቅም።

በዚያው ኅዳር በየመሥሪያ ቤቱ የተሃድሶ ስብሰባ ተባለ። አሁንም ግምገማ ነው፤ ይረዝማል እንጂ። ከዞን አቶ ስጦታው የሚባል ታዛቢ መጣ። ወፍራም ደብተርና ቀጭን ትዕግሥት የነበረው ሰው ነው። አንድ ነገር አጥብቆ አስታወቀ፦ ግለ ሂስ እንደተነገረ ቃል በቃል ይጻፋል፤ ሁሉም ይፈርምበታል፤ ቃሉን ከተናገረው ሰው በቀር የሚያርመው የለም።

ስርጉት ይህንን ስትሰማ ቃለ ጉባኤውን ከምትጽፍበት ላይ ቀና አለች።

ሁለት ቀን ሠራተኛው እየተነሣ ራሱን ወቀሰ።

«የእኔ ድክመት» አለ አንዱ፣ «ሥራ ከልክ በላይ መውደዴ ነው።»

«የእኔ ደግሞ» አለች ሌላዋ፣ «ለጤናዬ ሳልሳሳ ማምሸቴ ነው።»

እንዳለውም ተነሣ። «ለሠራተኛው ከመጠን በላይ እራራለሁ» አለ።

ስጦታው ደብተሩን ዘጋ። «እንዲህ ያለ ድክመት ከሆነ ሽልማት ይዤ መምጣት ነበረብኝ። በሁለት ቀን አንድ እውነተኛ ጥፋት አልሰማሁም። ለዞን ምን ይዤ ልግባ?»

በዓርብ ጠዋት የስርጉት ተራ ደረሰ። የሚጽፍላት ሌላ ሰው ተመደበ። ከቦርሳዋ ሁለት ጥራዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዛሬ እንደምትናገር ትናንት ማታ ለእናቷ ነግራለች። አቶ ይስማው በእሷ ፋንታ መውጣታቸውን ከመጀመሪያው የሚያውቁት እናቷ «ሰውየው ምሳ በልተዋል ወይ እያልሁ ሦስት ዓመት አስቤያለሁ፤ ሂጂ ተናገሪ» ብለዋታል።

«ስርጉት ፋንታ እባላለሁ» አለች። «ሁላችሁም የምታውቁኝ በሌላ ስሜ ነው። እትየ ፕሪንተር ነኝ።»

አንዱ ሊያስል ጀምሮ ተወው።

«ሰሞኑን ኔትወርክ የለም። ስለዚህ በአካል መጥቻለሁ። ላይክ ማድረግ የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ።»

ከኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ወጣ። እንዳለው ዞሮ አያት።

«ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ነው» አለች።

አዳራሹ ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊት መጣ። ስጦታው እንኳ አፉን በደብተሩ ሸፈነ። ስርጉት ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

«ጥፋቴን ልናገር። በጥቅምት 2006 የአምናውን ሪፖርት ቀን ቀይሬ የዘንድሮ አድርጌያለሁ። ቀይሪ ተብዬ ነው፤ የቀየረችው እጅ ግን ይቺ ናት። አራት ሰከንድ ፈጀብኝ። በአራት ሰከንድ ሦስት ቀበሌ ከበረዶ አዳንሁ፤ በወረቀት። አንድ ኩንታል ጓያም አመረትሁ፤ እሱም በወረቀት። ሁለቱ ሪፖርቶች እነዚህ ናቸው። ገጽ አሥራ አንድና ገጽ አሥራ አራት።»

ስጦታው ተቀበላት። ገለጠ። አንዱን ከሌላው አስተያየ። አመሳከረ። ከዚያ ወደ እንዳለው ዞረ።

«አቶ እንዳለው፣ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«ያኔ... የሥራ ጫና ነበረብን።»

«እኔ የጠየቅሁት ፊርማውን ነው።»

«የእኔ ነው።»

«ሁለተኛው ጥፋቴ» አለች ስርጉት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «በየካቲት 2006 አቶ ይስማው ደምለው በእኔ ምክንያት ሐሰተኛ ሲባሉ ዝም ማለቴ ነው። ጽሑፉ የእኔ ነበር። ሐሰትም አልነበረበትም፤ በረዶው ወርዷል። ሐሰተኛው ሪፖርቱ ነው። ይህ ቃል በቃል ይጻፍልኝ።»

እንዳለው ተነሣ። «ይህ ግለ ሂስ አይደለም፤ ክስ ነው! ሐሰተኛው ሪፖርቱ ነው የሚለው ይውጣ።»

«አይወጣም» አለች።

«እኔ ሰብሳቢ ነኝ!»

«ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አቶ እንዳለው። ማንም እንዲያሳምርልኝ አልፈልግም። እርስዎ የራስዎን ሲናገሩ የሚወጣውን ያወጣሉ።»

ከመካከል አንድ ሰው አጨበጨበና ደንግጦ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ። እንዳለው ወደ ታዛቢው አየ። ስጦታው ጥርሱን በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገ። ለዞን ይዞት የሚገባ ነገር አግኝቷል፤ ገጽ ከፍታ መንግሥትን የምታማ ሠራተኛ ራሷን አጋልጣለች። ከዚህ የተሻለ ጥፋት ከየት ያመጣል?

«ቃል በቃል ይግባ» አለ። «ሪፖርቶቹም አባሪ ይሁኑ። ሠራተኛዋ ጉዳይዋ እስኪታይ ከሥራ ትታገድ።»

«ቃለ ጉባኤውን ማን ይተይበው?» አለ ሲጽፍ የቆየው ሰው። «ከእሷ በቀር በዚህ ፍጥነት የሚችል የለም።»

ስጦታው ሰዓቱን አየ። መኪናው ይጠብቀዋል። «ትተይብና ትታገድ።»

ስርጉት ክፍሏ ገብታ ተየበችው። ምንም አልጨመረችም። ምንም አላስቀረችም፤ ስለ ላይክ ያለችውንም፣ ስለ ሽንት ቤት የተባለውንም ጻፈች፤ ቃል በቃል ተብሏልና። መጨረሻ ላይ፣ ማንም በማያነበው ቦታ፣ «ግልባጭ፦ ለአቶ ይስማው ደምለው፣ ሞጣ» የሚል መስመር አስገባች። ስማቸው የተነሣ ሰው ግልባጭ ይደርሰዋል፤ ወጉ ነው። አርባ ሦስት ሰው ፈረመ። እንዳለው አርባ ሦስተኛው ነበር። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ክብ ማኅተሙን መታበት። ቁልፏን አስረክባ ወጣች። በሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠብቃ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን፣ ግንደ ወይንን አልፋ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ገባች። አቶ ይስማው ቤታቸው ደጃፍ አገኟት። ሽበታቸው ሞልቷል። በእጇ ከወረቀቱ በቀር ምንም አልያዘችም። ሰጠቻቸው።

እሳቸው ግን አላነበቡትም። ማኅተሙን ብቻ አይተው ወረቀቱን መልሰው አጣጠፉት።

«ለብቻዬ አላነበውም» አሉ። «ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነው። ነገ ዕድሩ ይሰበሰባል። እደሪ።»

እትየ ይርጋነሽ እራት አቀረቡ። ስርጉት ተኝታም ልቧ አላረፈም። አንድ ነገር ትፈራ ነበር፤ ያ ሁሉ ቀልድ ያለበት ወረቀት በሽማግሌዎች ፊት ሲነበብ ስማቸውን ከማንሣት ይልቅ መሳቂያ ቢያደርገውስ ብላ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሠላሳ ያህል ናቸው። ወረቀቱን ያነሣው ያ ሰውም፣ ወልደ ሰንበት የሚባለው፣ ፊት ላይ ተቀምጧል። አቶ ይስማው ተነሥተው ወረቀቱን ለእሱ ሰጡት።

«ያኛውን ያነበብህልን አንተ ነህ። ይህንንም አንተው አንብብልን።»

ወልደ ሰንበት መነጽሩን አደረገ። ቁጥሩንና ቀኑን በከባድ ድምፅ አነበበ። የስብሰባውን አጀንዳ አነበበ። ከዚያ «ላይክ ማድረግ የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ» የሚለው ላይ ደረሰና ቆመ። ወረቀቱን አስጠጋ፤ አራቀ።

«እንዲህ ነው የሚለው?»

«የተጻፈውን አንብብ!» አሉት።

አነበበ። የጽዳት ሠራተኛዋ መልስ ላይ ሲደርስ ራሱ ሳቀ፤ ዕድሩ በሙሉ ተከተለው። አንድ ሽማግሌ በሳቅ በትራቸውን ጣሉ። ስርጉት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። ሳቁ ሲያባራ ወልደ ሰንበት ቀጠለ። ስለ አራቱ ሰከንድ አነበበ። ስለ ሦስቱ ቀበሌ አነበበ። ከዚህ ወዲያ የሳቀ አልነበረም። «ጽሑፉ የእኔ ነበር። ሐሰትም አልነበረበትም፤ በረዶው ወርዷል» የሚለውን ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ። የአርባ ሦስቱን ሰው ስም አንድ በአንድ ጠራ። የመጨረሻውን ጠርቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ያን ጊዜ ያነበብሁት ወረቀት ማኅተም ነበረው» አለ። «ይህም ማኅተም አለው። እኔ የማኅተም ባሪያ ሆኜ ሰው በድያለሁ። አቶ ይስማው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ አቶ ይስማው። ወረቀቱን ተቀብለው በቁሙ አጠፉት፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ስርጉት ዞሩ። ከሰዎቹ ጀርባ ቆማ ነበር።

«ሥራሽስ?»

«ታግጃለሁ። የሚመልሱኝ አይመስለኝም።»

«ገጹስ?»

«ኔትወርክ ሲመለስ እጽፋለሁ። በገዛ ስሜ።»

አቶ ይስማው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዎቹ ቦታ እንዲለቁላት በእጃቸው አመለከቱ፤ ተጠጋግተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ስሜ ተመልሶልኛል» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «ከእኔ ከተዋስሽው የቀረብሽ የለም።»